ናሮውቦት ላይ ሆኖ ኢንተርኔት እንዳይቋረጥ፦ ከማሰሪያው ቦታ እስከ ባትሪው

የየካቲት ማለዳ ነበር። ጀልባዬን ያሰርኩት ግራና ቀኙ ገደል በሆነና ዛፍ በሸፈነው የካናል ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ሐኪም በአንድ በኩል፣ ታማሚ በሌላ በኩል፣ እኔ በመሃል። የዚያን ቀን በመስመር ላይ የነበሩት አንዲት የሀገሬ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ሕመሙ የሚጀምረኝ ከዚህ ከጎኔ ነው፤ ከዚያ ደግሞ…» ሲሉ መስመሩ ጠፋ። «እማማ፣ ይሰሙኛል? እማማ?» ብል መልስ የለም። ስልኩን ይዤ ጣሪያ ላይ እስክወጣ ድረስ ጥሪው ለሌላ አስተርጓሚ ተላልፏል። «ከዚያ ደግሞ» ብለው ምን ሊሉ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጀልባዬን ኢንተርኔት የማየው እንደ መጠጥ ውኃና እንደ ማሞቂያ እንጨት ነው፤ ሲያልቅ የሚታሰብ ሳይሆን አስቀድሞ የሚዘጋጅ። ይህን የምጽፈው በእንግሊዝ ካናሎች ላይ ለሚኖሩ፣ ለመኖር ለሚያስቡ፣ ወይም ለሳምንት ጀልባ ተከራይተው ላፕቶፓቸውን ይዘው ለሚሄዱ ነው። የለንደን የቤት ኪራይ ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው የሀገራችን ልጆች «ኑሮውስ ይሁን፣ ኢንተርኔቱ እንዴት ይሆናል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛልና ለእነሱም መልስ ይሁን።

ለማያውቀው፣ ናሮውቦት ወርዱ 2.08 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ እስከ 22 ሜትር የሚደርስ የብረት ጀልባ ነው። እንዲህ የጠበበው በብዙ ካናሎች ላይ ያሉት ሎኮች ከዚያ የሰፋ ስለማያሳልፉ ነው። ሎክ ማለት ውኃ እየሞላና እየጎደለ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለ በር ገንዳ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን የውኃ መንገድ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ነው። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ሰው፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። በየሁለት ሳምንቱ ለሚነሳ ቤት ደግሞ ማንም የፋይበር መስመር አይዘረጋም። ስለዚህ እንጀራችን ያለው በሞባይል ኔትወርክ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሲሳሳት የማየው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ውድ ራውተር ይገዛል፤ ቀጥሎ አንቴና፤ ከዚያ ሲም ካርድ፤ የማሰሪያውን ቦታ የሚያስበው ሁሉም ነገር እምቢ ሲለው ነው። እኔ የምመክረው ከዚያኛው ጫፍ እንድትጀምሩ ነው።

1. መጀመሪያ ቦታውን እዩ

የድሮዎቹ ካናል ቆፋሪዎች ኮረብታ ሲያጋጥማቸው ወይ ይዞሩታል፣ ወይ ይቆርጡታል፣ ወይ ይበሱታል። የዞሩበት ቦታ ለእኛ ችግር የለውም። የቆረጡበት ግን፣ ለምሳሌ በግራንድ ዩኒየን ካናል ላይ ትሪንግ አጠገብ ወይም በሽሮፕሻየር ዩኒየን ላይ ዉድሲቭስ የሚባለው ጥልቅ ቦታ፣ ጀልባው ከመሬቱ በታች ስለሚሆን የስልክ ታወሩ ሞገድ ከላያችሁ ያልፋል። የበሱበት ዋሻማ አይነሳ። ብሊስዎርዝ ዋሻ 2.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ኔትወርክ ሳይኖር ነው የሚታለፈው። ቀጠሮ ባለበት ሰዓት አትግቡበት። በተቃራኒው ካናሉ በተከመረ አፈር ላይ ከሜዳው ከፍ ብሎ የሚሄድባቸው ቦታዎች፣ እንደ ሼልሞር ያሉት፣ ዙሪያቸው ገላጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጥሩ ይይዛሉ።

ዛፍንም አትናቁ። በጥር እርቃኑን የቆመ ዛፍ አጠገብ በደንብ የሠራ ኢንተርኔት፣ ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ሲለብስና ዝናብ ሲያረጥበው ደከም ይላል። አምና በብርድ ወቅት የተመቻችሁን ቦታ ዘንድሮ በሙቀቱ ወቅት ሳትሞክሩ አትመኑት።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ከመነሳቴ በፊት ኦፍኮም፣ ማለትም የብሪታንያ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ባዘጋጀው የሽፋን ካርታ ላይ የምሄድበትን ቦታ አስገብቼ አራቱንም ኔትወርኮች አያለሁ። ካርታው ከቤት ውጪና ከቤት ውስጥ ብሎ ይለያል። የእኛ ቤት ግን የጡብ ሳይሆን የብረት ስለሆነ፣ «ቤት ውስጥ ጥሩ ነው» የሚለውን እንዳለ አልወስደውም፤ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው።

ስደርስ የመሃሉን ገመድ ብቻ አስራለሁ። ካስማ ከመምታቴ በፊት የተለያየ ኔትወርክ ያላቸውን ሁለት ስልኮች ይዤ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ ዋይፋያቸውን አጠፋለሁ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ፍጥነት እለካለሁ። የማየው ወደ እኔ የሚመጣውን ብቻ አይደለም፤ ከእኔ የሚወጣውንም ጭምር ነው። ፊልም ለሚያይ ሰው የሚመጣው ይበቃዋል። በቪዲዮ ስብሰባ ለሚቀመጥ ሰው ግን የሚወጣው 2 ሜጋቢት በሰከንድ ካልሞላ ፊቱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቼ ያንኑ እደግማለሁ። በጣሪያውና በውስጡ መካከል ያለው ልዩነት ብረቱ የሚወስደው ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ በኋላ አንቴና ምን ያህል እንደሚጠቅማችሁ አስቀድሞ ይነግራችኋል። ካልጣመኝ ገመዱን ፈትቼ ጀልባውን በእጄ እየጎተትኩ ሃምሳ፣ መቶ ሜትር አስጠጋለሁ። ከድልድይ ወይም ከዛፍ ጥላ መውጣት ብቻ ነገሩን የቀየረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሞገዱ ጠንካራ ሆኖ ኢንተርኔቱ ግን የማይንቀሳቀስበት ቦታም አለ። ለንደን ውስጥ ሬጀንትስ ካናል ላይ የኔትወርክ ምልክቱ ሞልቶ ሳለ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ገጽ አልከፍት ይላል። ታወሩ ቅርብ ነው፤ ግን በዙሪያው ያለው ሕዝብ በሙሉ ከሥራ ተመልሶ ፊልም ከፍቷል። ስለዚህ ፍጥነት የሚለካው በደረሳችሁበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔቱ በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉት። በካናሎቹ ላይ ያሉት ድልድዮች ቁጥር አላቸው፤ በአብዛኞቹ ላይ በትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎ ታዩታላችሁ። «ከድልድይ እስከ ድልድይ፣ የትኛው ኔትወርክ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል» ብላችሁ ከያዛችሁ፣ በዓመቱ በዚያ ስታልፉ የት እንደምታስሩ አትጨነቁም። የካናል የፍጥነት ወሰን በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ ብስክሌት ያለው ሰው በካናሉ ዳር መንገድ ቀድሞ ሄዶ የነገውን ማሰሪያ ለክቶ መመለስም ይችላል።

2. ሁለት ሲም ካርድ፣ ግን በእውነት የተለያዩ

በብሪታንያ ትልልቆቹ ኔትወርኮች ኢኢ፣ ኦቱ፣ ቮዳፎንና ስሪ ናቸው። ሌላው የምታዩት ስም ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሚጓዝ ነው። ጊፍጋፍና ቴስኮ ሞባይል በኦቱ፣ ሌባራና ቮክሲ በቮዳፎን፣ ስማርቲ በስሪ ላይ ይሠራሉ። አንድ ጎረቤቴ «ሁለት ሲም አለኝ» ብሎ በኩራት ሲያሳየኝ አንዱ ጊፍጋፍ፣ አንዱ ቴስኮ ሞባይል ነበር። አንዱ ሲጠፋ ሌላውም አብሮ ይጠፋበታል።

ከዚህም ጠለቅ ያለ ነገር አለ። ኦቱና ቮዳፎን በብዙ ቦታ ምሰሶ ይጋራሉ፤ ኢኢና ስሪም እንዲሁ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቮዳፎንና ስሪ ተዋህደው አንድ ኩባንያ ሆነዋል። ስለዚህ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲደርስላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ፣ አንዱን ሲም ከኢኢ ወገን፣ ሌላውን ከኦቱ ወይም ከቮዳፎን ወገን አድርጉት። እኔ ለዓመታት የኖርኩት ኢኢንና ከቮዳፎን ወገን የሆነ አንድ ርካሽ ሲም ይዤ ነው።

የኮንትራቱ ነገር ለእኛ የራሱ ጣጣ አለው። የሁለት ዓመት ውል የብድር ታሪክ ምርመራና የመኖሪያ አድራሻ ይጠይቃል፤ ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አድራሻ የለውም። ሀገር ውስጥ ከገባ ብዙ ያልቆየ ሰው የብድር ታሪክም አይኖረውም። ሁለቱንም የሚያልፈው የ30 ቀን ሲም ነው፤ በየወሩ ይከፈላል፣ ሲሰለቻችሁ ትተዉታላችሁ። አዲስ አካባቢ ስትደርሱ ሌላ ኔትወርክ የተሻለ ሆኖ ካገኛችሁትም በቀላሉ ትቀይራላችሁ። ለካናል ኑሮ ከዚህ የሚስማማ ውል አላየሁም።

ከመክፈል በፊት ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛ፣ ሲሙ ራውተር ውስጥ እንዲገባ ይፈቀዳል ወይ? «ያልተገደበ» የሚል ፓኬጅ ሁሉ ለሆትስፖትና ለራውተር ያልተገደበ አይደለም። ሁለተኛ፣ «የቤት ኢንተርኔት» ተብለው ከነሳጥናቸው የሚሸጡት በተመዘገበ አንድ አድራሻ ብቻ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ውል ሊኖራቸው ይችላል። የዳታውን መጠን ስታስቡ ደግሞ፣ ጥራቱ ከፍ ያለ ፊልም በሰዓት 3 ጊጋባይት ገደማ ይበላል፤ በድምፅ ብቻ ከቤተሰብ ጋር በቴሌግራም ማውራት ግን ከቁጥር አይገባም። ልጆች ያሏችሁ ያልተገደበውን ያዙ።

አሮጌ 3ጂ ብቻ የሚችል ሞደም በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ኔትወርኮቹ 3ጂን ዘግተው ወደ 4ጂና 5ጂ ሄደዋል።

3. ከብረቱ ውጡ

በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስልክ ሲደወልለት ወደ ደጅ የሚሮጥ ሰው ይህን ክፍል ሳይነገረው ያውቀዋል። የናሮውቦት ግድግዳም ጣሪያም ብረት ነው፤ ሞገዱ የሚገባው በመስኮት በኩል ብቻ ነው። ድሮውንም ደካማ የሆነ ኔትወርክ በዚያች መስኮት ሲገባ ምን ያህል እንደሚቀረው አስቡት።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነፃ የሚሆነውን ሞክሩ። ታወሩ በየትኛው አቅጣጫ እንዳለ በሴልማፐር መተግበሪያ ላይ እዩና ስልካችሁን በዚያ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ ሆትስፖት ክፈቱ። ለብዙ ሰው፣ በተለይ በከተማ ዙሪያ፣ ይህ ብቻ ይበቃል። ስልኩ ላይ «የዋይፋይ ጥሪ» የሚለውንም አብሩት፤ ያኔ መደበኛ ጥሪም በብረቱ ውስጥ ሆናችሁ በኢንተርኔቱ በኩል ይገባላችኋል።

ካልበቃ፣ ሁለት የውጪ አንቴና መሰኪያ ያለው 4ጂ ወይም 5ጂ ራውተር ግዙ። ሁለቱም መሰኪያ አንቴና ይፈልጋል፤ በአንዱ ብቻ ብትሠሩ ፍጥነት ታጣላችሁ። አንቴና ሁለት ዓይነት ነው፦ ከዙሪያው ሁሉ የሚቀበልና ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነጣጠር። የሚነጣጠረው ከሩቅ ታወር በደንብ ይስባል፤ ግን ጀልባ በነፋስ ትወዛወዛለች፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦታ ትቀይራለች፣ በየጊዜው ማዞር ይፈልጋል። ለተንቀሳቃሽ ሰው ዙሪያውን የሚቀበለው ይሻላል። በአንድ ማሪና፣ ማለትም በጀልባ ማቆሚያ ግቢ፣ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ለሚታሰር ግን የሚነጣጠረውን አልቃወምም።

አንቴናውን የጣሪያው ብረት ራሱ ይይዝላችኋል፤ ማግኔት ያለውን ግዙ። ማግኔቱ ቀለም እንዳይፍቅ ከታቹ ላስቲክ ይኑረው፤ የተፋቀ ቦታ በአንድ ክረምት ዝገት ያወጣል። ረዥም ምሰሶ ላይ ልታቆሙት ከፈለጋችሁ የሚታጠፍ ይሁን፤ የካናል ድልድዮች ዝቅተኛ ናቸው፣ ረስቶ የሄደ ሰው አንቴናውን በመጀመሪያው ድልድይ ላይ ትቶት ነው የሚያልፈው። የኬብሉ ርዝመት ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ያተረፋችሁትን ሞገድ ረዥም ቀጭን ኬብል መልሶ ይበላዋል፤ ስለዚህ ራውተሩን ወደ አንቴናው አስጠጉት እንጂ ኬብሉን ወደ ራውተሩ አትጎትቱት። ጫፉ ኤስ ኤም ኤ የሚባለው መሆኑን አረጋግጡ፤ የዋይፋይ አንቴናዎች ጫፍ በጣም ይመሳሰላል፣ ግን መሃሉ ያለው መርፌ ተገልብጦ ስለሚሠራ አይገናኝም።

ኬብሉ በየት ይግባ? ብረት ለመብሳት አትቸኩሉ። ብዙ ሰው የሚያስገባው በጣሪያው ላይ ባለው እንጉዳይ በሚመስለው የነሐስ አየር ማስገቢያ በኩል ነው። እኔም እንደዚያ አደረግኩ፦ ከውስጥ ክዳኑን ፈታሁ፣ ሁለቱን ኬብሎች በጎን በኩል አሳለፍኩ፣ ከውጪ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው እንዲንጠለጠሉ አድርጌ አሰርኳቸው። ያቺ ትንሽ ጎንበስታ ትልቅ ነገር ናት፤ የዝናቡ ውኃ በኬብሉ ላይ እየተንሸራተተ መጥቶ እዚያ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ አልጋችሁ አይገባም። አደራ የምለው ግን ይህን ነው፦ አየር ማስገቢያውን በጨርቅም በስፖንጅም አትድፈኑት። በምድጃ በሚሞቅ ጠባብ ብረት ውስጥ የታፈነ አየር ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በጀልባ ላይ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደኅንነት ምርመራ የሚጠየቀው በከንቱ አይደለም።

አሁን ማስተካከል ነው። ራውተሩን በብራውዘር ክፈቱ፤ አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው፣ ከታች በኩል ተለጥፏል። በስክሪኑ ላይ ያሉትን የምልክት መስመሮች ተዉአቸውና ሁለት ቁጥሮችን ፈልጉ። አር ኤስ አር ፒ የሚለው የሞገዱ ጥንካሬ ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ስለሆነ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል፦ -80 በጣም ጥሩ፣ -100 የሚያሠራ፣ ከ-110 ወዲያ ያለው አስቸጋሪ። ሲንር የሚለው ደግሞ የሞገዱ ጥራት ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ሞገዱ በጫጫታ ተውጧል። አንቴናውን በግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ፣ በየቦታው አንድ ደቂቃ ጠብቁና ቁጥሩን ጻፉ። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ግን በእኔ ጀልባ ላይ ከፊት ወደ ኋላ ሦስት ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ሲንሩን ከ4 ወደ 13 ያወጣበት ቀን አለ።

ራውተራችሁ የሚፈቅድ ከሆነ «ባንድ» የሚባለውን፣ ማለትም ሞገዱ የሚመጣበትን የድግግሞሽ ክልል፣ መምረጥንም ሞክሩ። 800 ሜጋኸርዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ዛፍም ያልፋል፣ ግን ጠባብ መንገድ ነው። 1800ና 2600 ሰፊ ናቸው፣ ቶሎ ግን ይደክማሉ። ራውተሩ ብቻውን ሲተው አንዳንዴ ጥንካሬውን አይቶ 800 ላይ ይቀመጣል፤ ወደ 1800 ስታዞሩት ምልክቱ ቀንሶ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ታያላችሁ።

4. የመብራቱን ሒሳብ ሥሩ

ኢንተርኔት ሌሊቱን ሲጠፋ ሁሉም ኔትወርኩን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከባትሪው ነው።

ራውተር በአማካይ 8 ዋት ቢበላ፣ በ24 ሰዓት 192 ዋት ሰዓት ነው፤ በ12 ቮልት ባትሪ 16 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። 110 አምፒር ሰዓት የሚል የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ስለማይወጣ፣ በእጃችሁ ያለው 55 ነው። ይህን ከፍሪጅ፣ ከውኃ ፓምፕና ከመብራት ጋር ደምሩት። በሰኔ ሶላሩ ያለ ችግር ይሸፍነዋል። በታኅሣሥ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ጥቂት ሰዓት ታይታ ትሄዳለች፤ ያኔ የሚተማመኑት በሞተር ነው። ሞተርም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ድረስ በሰው አጠገብ ታስሮ ማስነሳት አይፈቀድም። ስለዚህ ለማለዳ ሥራ የሚሆነው መብራት ማታ ከሁለት ሰዓት በፊት ባትሪው ውስጥ መግባት አለበት።

ራውተሩን በኢንቨርተር በኩል አታስነሱት። 12 ቮልቱን ወደ 230 ከፍ አድርጎ እንደገና በራውተሩ አዳፕተር ወደ 12 ማውረድ በመንገድ ላይ ኃይል መጣል ነው፤ ኢንቨርተሩም ምንም ሳይሠራ ራሱ ይበላል። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት ስለሚሠራ በቀጥታ ከባትሪው ስጡት። ግን የባትሪ 12 ቮልት ሁልጊዜ 12 አይደለም፤ ሲደክም ወደ 12 ይወርዳል፣ ሞተሩ ሲሞላው 14.4 ይደርሳል፣ አንዳንድ የሶላር መቆጣጠሪያ ከ15ም ያሳልፈዋል። የራውተሩን መግለጫ እዩ፤ ከ9 እስከ 30 ቮልት የሚችሉ፣ እንደ ቴልቶኒካ ያሉ፣ ለዚህ ሥራ የታሰቡ ናቸው። «12 ቮልት» ብቻ የሚለው ከሆነ በመሃሉ ቮልቱን የሚያረጋጋ ትንሽ መሣሪያ አስገቡ። ፊውዝ ሳታደርጉ ግን አንድም ሽቦ ከባትሪ አታውጡ፤ ለራውተር 3 አምፒር ይበቃል። ሽቦው ከቤት ባትሪው ይምጣ እንጂ ከሞተር ማስነሻው አይሁን፤ ሞተር ስታስነሱ ቮልቱ ወርዶ ራውተሩ ይጠፋና ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ኢንተርኔት ትቀራላችሁ።

5. ስታርሊንክ መቼ?

ስታርሊንክ በሳተላይት የሚመጣ ኢንተርኔት ነው። ሰው የሚጠይቀኝ መጀመሪያ ይህን ነው፤ እኔ ግን መጨረሻ አካባቢ ያስቀመጥኩት በምክንያት ነው። ሳተላይቶቹ 550 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላሉ ድምፅ ሳይዘገይ ይደርሳል፤ እንደ ድሮዎቹ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ እንዳሉት አይደለም። ታወር በሌለበት ገላጣ ገጠር ከእሱ የሚወዳደር የለም። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል፦ ገላጣ ሰማይና መብራት። ካናል ዳር ደግሞ ዛፍ አይጠፋም። ቅርንጫፍ በጋረደው ቁጥር መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ይቋረጣል። ፊልም ለሚያይ አይታወቀውም፤ በስልክ ለሚያስተረጉም ግን አንድ ቃል ማለት ነው። መተግበሪያው በስልካችሁ ካሜራ ሰማዩን አይቶ የሚጋርደውን ስለሚነግራችሁ፣ ሳትገዙ በፊት በተለመዱት ማሰሪያዎቻችሁ ላይ ሞክሩት።

ትልቁ ሳህን 75 ዋት ቢበላ በቀን 150 አምፒር ሰዓት ነው። ትንሹ፣ ሚኒ የሚባለው፣ በ30 ዋት ብናስበው 60 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ በቀጥታም ከ12 ቮልት ይነሳል። ያንን የ55 አምፒር ሰዓት ሒሳብ አስታውሱ፤ ቀኑን ሙሉ ከበራ አንድ ባትሪ በሙሉ ለእሱ ነው። ለሥራ ሰዓት ብቻ አብርቶ ማጥፋት ያዋጣል። ሳህኑን በእግረኛው መንገድ ላይ አታስቀምጡ፤ ብስክሌተኛ በገመዱ ይወድቃል።

6. አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲነሳ

ሁለት ሲም መያዝ ብቻውን አይበቃም፤ መቀያየሩ ራሱ መሠራት አለበት። ባለ ሁለት ሲም ራውተር ውስጥ ዋናውንና ተጠባባቂውን ምረጡ። ከዚያ መቼ ይቀይር የሚለውን አስተካክሉ። ብዙዎቹ ራውተሮች እንደመጡ የሚቀይሩት ሞገድ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ ነው። የእኛ ችግር ግን ብዙ ጊዜ ሞገድ እያለ ኢንተርኔት አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ራውተሩ በየጥቂት ሰከንዱ እንደ 1.1.1.1 ወዳለ የኢንተርኔት አድራሻ ፒንግ፣ ማለትም ትንሽ የሙከራ መልእክት፣ ልኮ፣ ሦስት ጊዜ መልስ ካጣ እንዲቀይር አድርጉት።

ሲቀየር የተጀመረው ጥሪ መቋረጡ አይቀርም፤ ሲሙ ተነስቶ እስኪገናኝ ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በአንድ ቃል ላይ የሰው ጤና ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ለሚንጠለጠልበት ሰው ያ ብዙ ነው። እኔ ራውተሩን በአንዱ ኔትወርክ፣ ስልኬን በሌላው አድርጌ፣ ስልኩን በመስኮት ላይ ሆትስፖቱን ከፍቼ አስቀምጣለሁ። ላፕቶፑ ሁለቱንም ስለሚያውቅ በአንድ ጠቅታ እሻገራለሁ።

ለአጭር ጉዞ የምትሄዱ

ለሳምንት ጀልባ ለተከራየ ሰው አንቴናውም ሽቦውም አይመለከተውም። ከስልኩ የተለየ ኔትወርክ ያለው አንድ የ30 ቀን ሲም፣ በዩ ኤስ ቢ የሚሞላ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ዋይፋይና በደንብ የተሞላ ፓወር ባንክ ይበቃል። በማሪና ያለው ዋይፋይ ብረቱን አልፎ እስከ አልጋችሁ አይደርስም፤ መልእክት ለማየት ካልሆነ ቀጠሮ አትያዙበት። በየከተማው ያሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለግማሽ ቀን ሥራ የተሻሉ ናቸው። ሎክ ውስጥ ስትገቡ ግን ስልኩን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ጥልቁ ግድግዳ ኔትወርኩን ይውጠዋል፤ ከዚያም በላይ ውኃው ሲጎድል የጀልባው ኋላ በበሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ እንዳያርፍ ዓይናችሁ እዚያ መሆን አለበት።

ሥራ ባለኝ ቀን ዋዜማውን ቦታዬ ላይ እደርሳለሁ፤ በማለዳ ተጉዤ አልሠራም። ጥሪ ከመጀመሩ ሃያ ደቂቃ በፊት የባትሪውን ቮልት አያለሁ፣ ሲንሩን አያለሁ፣ ከዚያ ዋናውን ሲም ሆን ብዬ አጥፍቼ ተጠባባቂው መነሳቱን አረጋግጣለሁ። በብርድ ወራት ትረስቱ ለጥገና ሎኮችን ስለሚዘጋ መንቀሳቀስ የማይቻልባቸው ሳምንታት ይመጣሉ፤ የመዝጊያው ዝርዝር ሲወጣ ከደብተሬ ጋር አስተያይቼ የት እንደምከርም እወስናለሁ። ያ የየካቲቱ ገደልም ደብተሩ ውስጥ አለ፦ «ኢኢ -118፣ ሌላው የለም። ለሥራ ቀን አይሆንም። ለእሑድ ጸጥታው ጥሩ ነው።»